የዲፓርትመንት ምርጫ ምንድን ነው?

የዲፓርትመንት ምርጫ የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት) ተማሪ በቀሪዎቹ ዓመታት ምን መማር እንደሚፈልግ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ የሚያሳውቅበት ነገር ነው። ስሙ ምርጫ ይባል እንጂ ግማሹ ምደባ ነው። ተማሪው ፍላጎቱን ይሞላል። ሬጅስትራሩ፣ ማለትም የምዝገባ ቢሮው፣ ደግሞ ውጤቱን ከየዲፓርትመንቱ ኮታ ጋር አይቶ ይደለድላል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ልጅ ስሙን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያላሰበው ቦታ ሲያገኘው ክው ይላል።

ለምሳሌ ወሎን እንውሰድ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቱሉ አውሊያ ላይ ደግሞ ታናሹ መቅደላ አምባ አለ። የሶሻል ተማሪ 12ኛን አልፎ ከነዚህ አንዱ ሲደርሰው ዲፓርትመንት ይዞ አይገባም። ፍሬሽማን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተመለሰ፣ ድሮ በሦስት ዓመት ያልቅ የነበረው የሶሻል ዲግሪ አሁን አራት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት ለሶሻል ተማሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ። ብዙ ልጅ እነዚህን ኮርሶች ጂፒኤ መሰብሰቢያ ብቻ አድርጎ ያልፋቸዋል። እኔ ብሆን ግን የትኛውን ሃንድአውት ሳልገደድ እንዳነበብኩት ልብ እል ነበር።

አሁን ወደ ፎርሙ። ከመሙላታችሁ በፊት ሬጅስትራሩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሲደለደል የሚቀድመው ውጤት ነው ወይስ የምርጫ ተራ? ውጤት ከቀደመ ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ከከፍተኛው ነጥብ ጀምሮ ይወርዳል። አንደኛ ምርጫችሁ ሞልቶ ከሆነ ሁለተኛውን ያያል፣ እሱም ከሞላ ሦስተኛውን። በዚህ አሠራር የምትፈልጉትን በሐቅ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ምንም አያስከፍላችሁም። «ኧረ እሱ አይደርስህም፣ ዝቅ ያለውን አንደኛ አድርግ» የሚላችሁ ጓደኛ ተሳስቷል። በሌላው አሠራር ግን አንደኛ ብለው የሞሉት ሁሉ መጀመሪያ ይስተናገዳሉ። የማይደርሳችሁን አንደኛ ካደረጋችሁ ሁለተኛችሁም በሌሎች ተይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እዚህ ላይ ነው አቅምን ማወቅ የሚያስፈልገው። ሁለቱን ሳይለይ የሚሰጥ የዶርም ምክር ጆሮ አትስጡት።

በትንሽ ዩኒቨርሲቲ ሌላም ጣጣ አለ። በስም ያለ ዲፓርትመንት ሁሉ በየዓመቱ ተማሪ አይቀበልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። የሚያልፈው ተማሪ እንዲህ ሲያንስ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የመረጠው ዲፓርትመንት ክፍል መክፈት ያቅተዋል፤ የመረጡትም ወደ ሌላ ይዞራሉ። ስለዚህ «ዘንድሮ ይከፈታል?» ማለት ነውር አይደለም። መምህራኑስ ግቢ ውስጥ ናቸው ወይስ ለትምህርት ወጥተዋል? ላይብረሪውስ? በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈው ነበርና ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። መልሱን ከዲፓርትመንቱ ሦስተኛ ዓመት ሴኒየሮች ታገኙታላችሁ፣ ያውም ሻይ እየጠጣችሁ። በትንሽ ግቢ ደስ የሚለው ይሄ ነው። መምህሩ በስም ያውቃችኋል፤ ሲኒየር ኢሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ስትጽፉም አማካሪ ፍለጋ ወረፋ አትይዙም።

ዋናው ግን ዲፓርትመንቶቹ በምን ይለያያሉ የሚለው ነው። «ሁሉም ሶሻል ነው፣ ያው ነው» የሚል ሰው ሞልቷል። ያው አይደለም። እዚሁ ያለ አንድ ነገር እንውሰድ፦ የ1965ቱን የወሎ ረሃብ።

የጂኦግራፊ ሰው ከዝናቡ ይጀምራል። ክረምቱ መቼ ቀረ? በልግ ጠባቂው ደጋ በልጉ ሲቀርበት ምን ሆነ? ቆቦ ቆላው ላይስ? ረሃብን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የጂኦግራፊ ሰው ነበሩ። የኢኮኖሚክስ ሰው ደግሞ ገበያ ይወርዳል። በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ይህንኑ ረሃብ መርምሮ ነበር። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህል ነበር። ሰብሉ ሲጠፋበትና ከብቱ ሲያልቅበት ገበሬው መግዣው ነው የጠፋው፤ የሴን ሐሳብ ይህ ነው። ያልተስማሙት አሉ፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው። ለነገሩ ኢኮኖሚክስ ብዙ ጊዜ ያለው በቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ሥር ስለሆነ ፎርሙ ላይ የት እንዳለ እዩ።

የፖለቲካል ሳይንስ ተማሪ ሌላ ነገር ይከነክነዋል። የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ለምን ደበቀው? የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ያነሱትን ፎቶ አዲስ አበባ ላይ ሲያሳዩ ለምን ያን ያህል ደነገጠ? የታሪክ ተማሪ ሰነዱንና የሽማግሌውን ቃል አስተያይቶ ከ1966ቱ አብዮት ጋር ያለውን መስመር ይፈልጋል። የሶሲዮሎጂው ማን ተሰደደ፣ ማን ቀረ ይላል፤ ጭሰኛው ነው ባለርስቱ? የአንትሮፖሎጂው ሰፈር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ቅሬው፣ የወሎ እድር፣ ቀባሪ ሲያጣ ምን አደረገ? አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ የግጦሽ ጠብ እንዴት ዳኙ? ሳይኮሎጂ ከረሃቡ የተረፈው ልጅ ውስጥ ምን እንደቀረ ይመረምራል።

እነዚህን ስታነቡ ከአንዱ ላይ ቆም ብላችሁ «እሺ፣ ከዛስ?» ካላችሁ እሱን ከፍ አድርጋችሁ ጻፉት። አሠራሩም ይለያያል። ጂኦግራፊ ካርታና ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የሚሠራ የካርታ መረጃ) አለው። ሶሲዮሎጂና ሳይኮሎጂ ውስጥ ስታትስቲክስ ይጠብቃችኋል፤ ሒሳብ ሸሽቶ ሶሻል የገባ ልጅ እዚያ ነው የሚያዘው። ታሪክ ማንበብ ነው፣ ብዙ ማንበብ።

ሥራስ? ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄን ነው፤ አይፈረድበትም። ደሴ ላይ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ ቆማችሁ አንብቡ። «በሶሲዮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» ይላል። የናንተ ዲግሪ በስሙ ተጠርቷል ወይስ ተዛማጅ ውስጥ ነው? ተዛማጅ ከሆነ ይቆጠር አይቆጠር የሚወስነው የዚያ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ነው። አስተማሪ መሆን የምትፈልጉ ደግሞ የዲግሪው ስም ትምህርት ቤት ውስጥ ካለ የትምህርት ዓይነት ጋር መግጠሙን እዩ። ጂኦግራፊና ታሪክ ይገጥማሉ፤ አንትሮፖሎጂ አይገጥምም። በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪው አይሰጥም። ፈተናው በየዲፓርትመንቱ ስለሆነ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ምን ያህሉ እንዳለፉ ጠይቁ።

ምደባው ከወጣ በኋላ ቅሬታ ያለው ሰው ማመልከቻ ያስገባል። የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። አንዳንዴ ኮታው ያልሞላ ዲፓርትመንት ይኖራል፤ አንዳንዴም ሁለት ተማሪዎች ተስማምተው እንዲቀያየሩ ዲፓርትመንቶቹ ይፈቅዳሉ። ሰሌዳው ላይ ስማችሁን እንዳያችሁ ካልተዋጠላችሁ፣ ዶርም ሄዳችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ሬጅስትራር ጎራ በሉ።