ጭዱን ቀቅዬዋለሁ፣ ትል ከየት መጣ?

ክረምቱ ገብቶ ባሕር ዳር እርጥበት በእርጥበት በሆነችበት ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ ፌስታል ውስጥ በሞሉት ጭድ ላይ አብቅለው የቆረጡትን እንጉዳይ በሰፌድ ይዘው መጡ። ከላይ ነጭ ነው፣ ያምራል። ግንዱን ስሰነጥቀው ግን ውስጡ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ሦስት አራት ትሎችም ብቅ አሉ። «ጭዱን እኮ በደንብ ቀቅዬዋለሁ!» አሉ፣ እንደተከዳ ሰው።

ቀቅለውታል፣ እውነት ነው። ጭዱ ውስጥ የነበረ እንቁላልም ሆነ እጭ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል) ያኔ አልቋል። ትሉን ያመጣችው ጥንዚዛ የመጣችው በኋላ ነው፣ እንጉዳዩ ከፌስታሉ ብቅ ሲል። እንቁላሏን የምትጥለው ብዙውን ጊዜ ከጃንጥላው ሥር፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደረደሩት ስስ ሽፋኖች መሃል ስለሆነ ከላይ አይቶ «ንጹህ ነው» ማለት ዋጋ የለውም። ገልብጡት።

«እንቦጩ ነው ያመጣብኝ» የሚልም አለ፣ ከጣና የወጣውን እንቦጭ አድርቆ ከጭድ ጋር የሚቀላቅል ሰው። እንቦጭን ለማጥፋት በብዙ አገር የተለቀቁት ጥንዚዛዎች የሚበሉት እንቦጭ ነው። እንጉዳይ አያምራቸውም።

«ትል ሁሉ የዝንብ ነው» ለሚለው ደግሞ አንዱን መዳፋችሁ ላይ አድርጉትና እዩት። ከራሱ ቀጥሎ ሦስት ጥንድ አጫጭር እግሮች ካሉት የጥንዚዛ ነው፤ የዝንብ ትል እግር የለውም። ልዩነቱ ጥቅም አለው። ጥንዚዛን የሚያግድ መረብ ትንንሾቹን ዝንቦች ሊያሳልፍ ይችላል፤ ጥንዚዛን ግን በጠዋት በእጅ መልቀምም ይቻላል።

ትልቁ ስህተት ሌላ ነው፦ «ያረጀውን ብተወው ምን ይጎዳል?» እንጉዳይ ነጥብ ከሚያክልበት ጊዜ አንስቶ ለመቆረጥ 5 ወይም 7 ቀን ቢፈጅበት ነው። እጩ ግን መፈልፈል፣ በልቶ መወፈር፣ ከዚያም ጭዱ ውስጥ ወይም ወለሉ ላይ ተደብቆ ወደ ጥንዚዛ መለወጥ አለበት፤ በሰዓቱ የቆረጣችሁበት እንጉዳይ ለዚህ ሁሉ አይበቃውም። የሚበቃው ፌስታሉ ላይ የቀረው ጉቶ፣ ጥግ የበቀለውና ያላያችሁት፣ በር ላይ የጣላችሁት ቁራጭ ነው። የጎረቤቴን ቤት ሄጄ ሳይ ጉቶው ሁሉ እንዳለ ነበር፤ አንዱን ስነቅለው እጅ ላይ ፈረሰ፣ ውስጡ ትል በትል። ጉቶውን ከሥሩ ንቀሉና ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት ወይም በደንብ ቅበሩት።

መድኃኒት እንርጭ ወይ? ተዉት። ግንድ ውስጥ ያለውን ትል አያገኘውም፣ እናንተን ግን በሳምንቱ ሳህን ላይ ያገኛችኋል።

«ካደረቅኩት አለቀ» ማለትም አያዋጣም። እርጥብ የሚወደው እጭ ይሞታል፣ ደረቅ የሚወዱ ጥንዚዛዎች ግን አሉ። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር አድርቁት፣ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ክተቱት፤ በክረምት ክፍት ከተቀመጠ እርጥበቱን መልሶ ይስባል።

ትሉ ራሱ መርዝ አይደለም፣ የተቦረቦረ እንጉዳይ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ጎረቤቴ ግን ይህ አላስጨነቃቸውም። «ሳላየው በልቼው ከሆነ ጾሜን ገደፍኩ ማለት ነው?» አሉኝ። እሱን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ አልኳቸው።