«ዜግነቱን ንጠቁት!» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሚያዝያ 2015 ላይ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። አገር ሁሉ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። የጨርቆስ ሰፈሩን ለቅሶ የረሳ ሰው ያለ አይመስለኝም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት ላይ፣ ሦስት የለንደን ተማሪዎች በትምህርት ቤት ዕረፍት ከቤት ወጥተው አውሮፕላን ተሳፈሩ። ቱርክ ገቡ። ከቱርክ ድንበር ተሻግረው ሶሪያ፣ አይሲስ ዘንድ ደረሱ። ሁለቱ 15፣ አንዷ 16 ዓመቷ ነበር። ከሦስቱ የአንዷ ቤተሰብ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ሟቹም ከእኛ፣ የሄደችውም ከእኛ።

ስሟ ዓለምን ያዳረሰው ግን ሌላዋ፣ ሻሚማ ቤገም ናት። የካቲት 2019 ላይ ሶሪያ ውስጥ አል ሆል በሚባል ካምፕ አንድ ጋዜጠኛ አገኛት። ነፍሰ ጡር ነበረች። ወደ አገሬ መልሱኝ አለች። ብሪታንያ ዜግነቷን ገፈፈቻት። ያኔም ሆነ ዛሬ ወሬው ሲነሳ «ደግ አደረጉ!» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ሊቢያን ሳስብ የእኔም ደም ይፈላል። ግን ከንዴቱ ኋላ የሚደረደሩት ምክንያቶች አብዛኞቹ ልክ አይደሉም።

«ዜግነቱን የሚያጣው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰው ነው»

ብሪታንያ ውስጥ እንደዚያ አይደለም። ቤገም ላይ በአገሯ ፍርድ ቤት አንድም ክስ አልተመሰረተባትም። የተደረገው እንዲህ ነው፤ በጊዜው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሳጂድ ጃቪድ ወሰኑ፣ ደብዳቤ ለንደን ቤተሰቦቿ ቤት ደረሰ፣ አለቀ። የ1981ዱ የዜግነት ሕግ ሚኒስትሩ «ለሕዝብ ጥቅም ይበጃል» ብለው ካመኑ ዜግነት መግፈፍ ይችላሉ ይላል። በ2017 ብቻ በዚህ ምክንያት 104 ሰዎች ዜግነታቸውን አጥተዋል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በአንዳንድ ሁኔታ ለሰውየው አስቀድሞ ማሳወቅም ግዴታ አይደለም። ዜግነትህ ከሄደ በኋላ ነው የምትሰማው።

ይግባኝ የለም ማለት አይደለም። አለ። ግን ይግባኝ የሚመጣው ከውሳኔው በኋላ ነው፤ የሚሰማው ልዩ ችሎትም ከማስረጃው የተወሰነውን በምስጢር ይይዛል። ይግባኝ ባዩም ሆነ ራሱ የመረጠው ጠበቃ የማያዩት ማስረጃ ማለት ነው። የቤገም ጉዳይ እንዲህ እየተንከባለለ ዓመታት ፈጀ። በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለንደን ገብታ መከራከር አትችልም አለ። በ2023 ልዩ ችሎቱ አስገራሚ ነገር ተናገረ። ልጅቷ ለወሲብ ብዝበዛ በሰው አዘዋዋሪዎች ተታልላ መሄዷን የሚያስጠረጥር በቂ ምክንያት አለ አለ። ቢሆንም ውሳኔውን አልሻረውም። የአገር ደህንነት ጉዳይ የሚኒስትሩ ነው በሚል። የካቲት 2024 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ይህንኑ አጸናው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና አላይም አለ።

ሁሉም አገር ግን እንደ ብሪታንያ አይደለም። ፈረንሳይ መጀመሪያ የፍርድ ቤት ጥፋተኝነት ትጠይቃለች። አውስትራሊያ ደግሞ እንደ ብሪታንያ ሥልጣኑን ለሚኒስትር የሰጠ ሕግ ነበራት። በ2022 ከፍተኛው ፍርድ ቤቷ «ይህ ቅጣት ነው፤ መቅጣት የዳኛ ሥራ እንጂ የሚኒስትር አይደለም» የሚል ይዘት ያለው ውሳኔ ሰጠና ሕጉን ጣለው። በ2023 መጨረሻ በወጣው አዲስ ሕግ ሥልጣኑ ወደ ዳኛ ተዛወረ። ለእኔ ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ዜግነት ይነጠቅ አይነጠቅ ከሚለው በፊት ማን ነው የሚነጥቀው?

«ተነጠቀ፣ ችግሩም ከአገር ወጣ»

ከአንዱ አገር ወጣ። ወዴት ሄደ?

ብሪታንያ «ቤገም በወላጆቿ በኩል የባንግላዴሽ ዜጋ ናት» አለች። ባንግላዴሽ «የእኛ ዜጋ አይደለችም፣ አገራችንም አትገባም» አለች። አውስትራሊያ ኒል ፕራካሽ የተባለውን የአይሲስ ቀስቃሽ «ፊጂያዊ ነው» ብላ ዜግነቱን ሰረዘች። ፊጂ አናውቀውም አለች። የሚገርመው፣ ሰውየው በ2022 መጨረሻ ከቱርክ ወደዚያው አውስትራሊያ ተመልሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ታዲያ ያ ሁሉ ሽርጉድ ለምን ነበር?

ወደ አይሲስ የሄደው ጃክ ሌትስ ኦክስፎርድ ያደገ ነጭ እንግሊዛዊ ነው። አባቱ ካናዳዊ ስለሆነ ብሪታንያ ዜግነቱን ነጥቃ ለካናዳ ተወችለት። ካናዳም «ኃላፊነታችሁን እኛ ላይ አራገፋችሁ» ብላ ወቀሰች።

ከሁሉም የኒውዚላንዱ ይበልጣል። አንዲት ሴት ኒውዚላንድ ተወልዳ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው አውስትራሊያ ነው። ወደ ሶሪያ የሄደችውም ከዚያው፣ በአውስትራሊያ ፓስፖርት ነው። በ2021 ከሁለት ልጆቿ ጋር ቱርክ ተያዘች። አውስትራሊያ ቀድማ ዜግነቷን ሰርዛ ነበርና ሴትዮዋ የኒውዚላንድ ዕዳ ሆነች። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጃሲንዳ አርደርን በአደባባይ ተቆጡ። አውስትራሊያ ችግሯን ወደ እኛ መላኳ ሰልችቶናል አሉ። በመጨረሻ ግን እናትና ልጆቹን ኒውዚላንድ ተቀበለች። «አንቺው ታመጪው አንቺው ታሮጪው» የሚባለው ለአውስትራሊያ ነበር፤ ሩጫው ለጎረቤት ደረሰ።

የእኛ ቀጣናም ከዚህ አላመለጠም። ብሪታንያ በ2010 ዜግነታቸውን የነጠቀቻቸው ሁለት የለንደን ሰዎች በ2012 ሶማሊያ ውስጥ በአሜሪካ ድሮን ተገደሉ። በዚያው 2012 ለንደን ያደገ አንድ ሶማሊያዊ ወጣት ዜግነቱ ተሰረዘ። ትንሽ ቆይቶ ጅቡቲ እስር ቤት ተገኘ። ከጅቡቲ ኒውዮርክ ተወስዶ ከአልሸባብ ጋር በተያያዘ ተከሰሰ፣ አመነ፣ 9 ዓመት ተፈረደበት። የትውልድ ቀዬው ባልሆነ አሜሪካ መዳኘት ከቻለ፣ ያደገበት ለንደን ምን ያቅታት ነበር?

«ማንንም አገር አልባ ማድረግ በሕግ ክልክል ነው»

በወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ችግሩ ሁለተኛው ዜግነት ራሱ የወረቀት ሊሆን መቻሉ ነው። ቤገም የባንግላዴሽ ፓስፖርት ይዛ አታውቅም። የብሪታንያ ዳኞች ግን የባንግላዴሽን ሕግ ገልጠው፣ እስከ 21 ዓመቷ በትውልድ ዜጋ ናት አሉ። ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። ደብዳቤው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

«ቢጫ ካርድ ስላለኝ ሁለት ዜግነት አለኝ»

ይህ የእኛው የሐበሾች ስህተት ነው። ለንደንም ዋሽንግተንም ሰምቼዋለሁ። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ሌሎች መብቶችም ይሰጣል። ዜግነት ግን አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በአዋጅ ቁጥር 378 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ያበቃል።

«እንግዲያው አንድ ዜግነት ብቻ ስላለኝ ብሪታንያ ልትነካኝ አትችልም» ይል ይሆናል አንዱ። ቀስ በል! በ2014 ብሪታንያ ሕጓን አሻሽላለች። ዜግነቱን በማመልከቻ ያገኘ ሰው የአገሪቱን ጥቅም ክፉኛ የሚጎዳ ነገር ካደረገ፣ ሌላ ዜግነት ባይኖረውም እንኳ ሊነጠቅ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው። ሚኒስትሩ «ሌላ አገር ዜግነት ሊያገኝ ይችላል» ብለው ለማመን በቂ ምክንያት ካላቸው ይበቃል። የእኛ አዋጅ ደግሞ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው አገሩ ተመልሶ ከኖረ፣ የሌላውን ዜግነት ከተወና ካመለከተ ኢትዮጵያዊነቱን መልሶ ያገኛል ይላል። ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ዓይነት ክርክር ሊነሳ እንደሚችል ለማየት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

አዎ፣ ይህ የሚመለከተው ከባድ ጥፋት የተጠረጠረን ሰው ነው። ሰላማዊ ታክሲ ነጂ በዚህ እንቅልፍ አይጣ። ግን ልብ በሉ። አያት ቅድመ አያቱ እንግሊዛዊ የሆነ ሰው አይሲስን ቢቀላቀል ዜግነቱ አይነካም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ይታሰራል። ያው ጥፋት፣ ሁለት ዓይነት ዜጋ።

የራሳችን ሕገ መንግሥት በዚህ ነገር ላይ ግልጽ ነው። አንቀጽ 33 ኢትዮጵያዊ ያለፈቃዱ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ይደነግጋል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ እኔም ዘግይቼ ነው ያነበብኩት።

«አሜሪካም ታደርገዋለች፤ ቀልቤሳ ነገዎን አላያችሁም?»

ቀልቤሳ ነገዎን በደንብ እናውቃለን። በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ነበር። በኋላ አትላንታ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ ተጠቂዎቹ ለዩት። በ1993 ሦስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች በፍትሐ ብሔር ከሰው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አስፈረዱበት። እሱ ግን በ1995 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ! በ2004 ዜግነቱ ተሰረዘ፣ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። እዚህ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ይጠብቀው ነበር።

ይህ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀልቤሳ ዜግነቱን ያጣው ስላሰቃየ አይደለም፤ ሲያመለክት ማሰቃየቱን ስለደበቀ ነው። በውሸት የተገኘ ዜግነት መጀመሪያውኑ አልጸናም ማለት ነው። የከፍተኛ 15ቱ የእስር ቤት ጠባቂ ከፈለኝ ዓለሙም እንደዚሁ ነው። በሌላ ሰው ስም አሜሪካ ገብቶ ዜግነት ወሰደ። ዴንቨር አካባቢ በአንድ የሐበሻ ካፌ የቀድሞ እስረኛ ለየው። በ2014 22 ዓመት ተፈረደበት።

በሐቅ የተገኘን የአሜሪካ ዜግነት መንግሥት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መንጠቅ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ይህን ወስኗል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ ትርጉም ይኸው ነው። ስለዚህም በሉዊዚያና የተወለደውና አፍጋኒስታን የተማረከው ያሰር ሐምዲ በ2004 ወደ ሳዑዲ የተለቀቀው፣ ዜግነቱን ራሱ እንዲተው ተስማምቶ ነው። ከአይሲስ ልመለስ ያለችውን ሆዳ ሙታናን ደግሞ መንግሥት «ነጠቅንሽ» አላላትም። አባትሽ የየመን ዲፕሎማት ስለነበር ከመጀመሪያውም ዜጋ አልነበርሽም አላት። ፍርድ ቤትም ተስማማ። ብልጠት ነው፤ ግን ያው የነጠቃ በር ዝግ ስለሆነ የመጣ ብልጠት ነው።

«ሌላው ይፈራል»

ፓሪስ በኅዳር 2015 ከተመታች በኋላ ፕሬዚዳንት ኦላንድ ነጠቃውን ሕገ መንግሥት ውስጥ ለማስገባት ተነሱ። የፍትሕ ሚኒስትራቸው ክሪስቲያን ቶቢራ ተቃውመው ሥልጣን ለቀቁ። መጋቢት 2016 ላይ ኦላንድ ሐሳቡን ተዉት። ራሱን ሊያፈነዳ ቦምብ የታጠቀ ሰው ፓስፖርቴን አጣለሁ ብሎ አይመለስም። ካናዳም በ2014 ሕጉን አውጥታ በሽብር ዕድሜ ልክ የተፈረደበትን አንድ ሰው ዜግነት ነጠቀች። ሰውየው ያኔም እስር ቤት ነበር፤ ምን ተለወጠ? በ2017 የትሩዶ መንግሥት ሕጉን ሽሮ ዜግነቱን መለሰለት። እስሩ ግን ቀጠለ።

«ልጆቹም አብረው ያጣሉ»

አያጡም። ብሪታንያ ውስጥ ውሳኔው የሚነካው ስሙ የተጻፈበትን ሰው ብቻ ነው። ቤገም ካምፑ ውስጥ የወለደችው ደብዳቤው ከመጻፉ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው። በዚያች ቀን እናቱ ገና ብሪታንያዊት ስለነበረች ሕፃኑ የብሪታንያ ዜጋ ሆኖ ተወለደ። ጃቪድም ይህን አልካዱም። ለሕፃኑ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። መጋቢት ላይ በሳንባ ምች ሞተ፤ ሦስት ሳምንት አልሞላውም።