«ቤት ይቅደም» ምንድን ነው?

ጎዳና ላይ የሚኖር የሱስ ታማሚ ቤት ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ያው ነው፦ መጀመሪያ ዕፁን ተው፣ ከዚያ እናያለን። «ቤት ይቅደም» የሚባለው አሠራር ይህን ይገለብጠዋል። ሰውየው በቅድሚያ የቤት ቁልፍ ይረከባል። ሕክምና ይቀርብለታል፣ አይገደድም። ገቢ ካለው አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶውን ለኪራይ ያዋጣል። አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1992 ኒውዮርክ ላይ የጀመረው ሳም ሰምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአገር ደረጃ ይዛዋለች።

«ለሱሰኛ ቤት መስጠትማ ሱሱን ማበረታታት ነው» የሚሉ አይጠፉም። እስቲ ሕክምናው ጎዳና ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። ለሄሮይንና ለፈንታኒል ሱስ ሜታዶን የሚባል መድኃኒት አለ። በተለይ መጀመሪያ አካባቢ ብዙ ቦታ በየቀኑ ክሊኒክ ሄደው ባለሙያ እያየ ነው የሚወስዱት። ታዲያ ውጭ ያደረ ሰው ብርድ ልብሱን ለማን ጥሎ ይሂድ? ስልኩ ከተሰረቀ ቀጠሮውን ማን ያስታውሰው? አነቃቂ ዕፅ ከሚወስዱትም አንዳንዶቹ የሚወስዱት ነቅተው ለማደር ነው። እንቅልፍ ከወሰዳቸው ጫማቸው ሳይቀር ይወሰዳል። እንዲህ ያለውን ሰው «ተው» ማለት ተኛና ተዘረፍ እንደ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ማገገሚያ አስገብቶ መልሶ ጎዳና ላይ መጣል ነው። ጥቂት ሳምንታት ከሄሮይን ወይም ከፈንታኒል የራቀ ሰውነት የድሮውን መጠን መቋቋም ያቅተዋል። ሰውየው ወደ ለመደው ጥግ ተመልሶ እንደ ወትሮው ከወሰደ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ያም ሆኖ ቁልፍ ብቻውን ሱስ አያድንም። ደጋፊዎቹ ይህችን አለፍ ይሏታል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ የዚህ አሠራር ሙከራ አድርጋ ነበር። በዚህ አሠራር ቤት ያገኙት ቤታቸው ውስጥ በመቆየት የተለመደው አገልግሎት ብቻ ከቀረበላቸው በጣም በለጡ። በዕፅ አጠቃቀም ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ማለትም ቤቱ ሱሱን አላጠፋውም፣ እንደተፈራውም አላባባሰውም።

ስለዚህ ሐኪሙ ቤቱን ተከትሎ መምጣት አለበት። ለኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሄሮይንና ፈንታኒል ላሉ ዕፆች ሱስ፣ በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት አለ፤ በኪስ የሚያዝ ነገር ስለሌለው አይሰረቅም። እነዚህ ዕፆች በዝተው ትንፋሽ ሲያጥር የሚያነቃው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒትም በቅርብ ይቀመጣል፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን የሚሰጠው ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሜታምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ ዕፅ ሱስ እስካሁን እንደ ሜታዶን ያለ መድኃኒት ስለሌለ ሕክምናው በምክርና ከዕፁ ሲርቁ በሚሰጥ የማበረታቻ ሽልማት ላይ ያርፋል፤ ለዚህ ደግሞ ባለሙያው ሰውየውን በየጊዜው የሚያገኝበት በር ያስፈልገዋል።