የተቀናጀ የድንበር ቁጥጥር ምንድን ነው? የአርጀንቲናና የቺሊ የተራራ መተላለፊያ በበዓል ሰሞን

የተቀናጀ የድንበር ቁጥጥር የሚባለው የሁለት ጎረቤት አገሮች የኢሚግሬሽን፣ የጉምሩክና የግብርና ኳራንቲን (የእንስሳትና የዕፅዋት ተባይና በሽታ ቁጥጥር) ሠራተኞች በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ መንገደኛው ከአንዱ አገር የሚወጣበትንና ወደ ሌላው የሚገባበትን ጉዳይ በአንድ ማቆሚያ የሚጨርሱበት አሠራር ነው። በቀድሞው ልማድ መንገደኛው በመውጫው ኬላ አንድ ጊዜ፣ በመግቢያው ኬላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይሰለፋል፤ በተቀናጀው አሠራር ግን ከሁለቱ አንዱ ይቀርለታል። በእኛ በኩል በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል በሞያሌ ያለው የጋራ ኬላ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

አርጀንቲና፣ ብራዚል፣ ፓራጓይና ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ1991 መርኮሱር የተባለውን የጋራ ገበያ ከመሠረቱ በኋላ፣ በ1993 በሬሲፌ ስምምነት የዚህን ቁጥጥር ደንብ አወጡ፤ አርጀንቲናና ቺሊም በ1997 የራሳቸውን ውል ተፈራረሙ። የደንቡ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ የሚወጡበት አገር ሠራተኛ ሥራውን አስቀድሞ ይጨርሳል፣ የሚገቡበት አገር ሠራተኛ ይቀጥላል፤ በጎረቤት ግዛት የሚሠራው ሠራተኛም የሚያስፈጽመው የራሱን አገር ሕግ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከአርጀንቲናዋ ሜንዶሳ ወደ ቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ከሚያሻግረው የሎስ ሊበርታዶሬስ መተላለፊያ የተሻለ ቦታ የለም። መንገዱ የአንዲስን ተራራ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚያቋርጠው፣ በ1980 በተከፈተና ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ዋሻ ነው። ከዋሻው በላይ፣ በአሮጌው መንገድ ላይ፣ ሁለቱ አገሮች የድንበር ጠባቸውን በሰላም መፍታታቸውን ለማሰብ በ1904 የቆመው የክርስቶስ ሐውልት ይገኛል። ከአርጀንቲና የሚመጣ መኪና ዋሻውን አልፎ የሁለቱንም አገሮች ቁጥጥር የሚፈጽመው በቺሊ ግዛት ባለው ኬላ ሲሆን፣ ከቺሊ የሚመጣው ደግሞ በአርጀንቲና በኩል፣ በአኮንካጓ ተራራ ግርጌ ባለው ኦርኮኔስ ይፈተሻል። ስለዚህ የአርጀንቲናው ሠራተኛ የዜጋውን መውጣት የሚመዘግበው ቺሊ ውስጥ ተቀምጦ ነው።

አሠራሩ የሚፈተነው በበዓል ነው። በአርጀንቲና የሰሙነ ሕማማት ሐሙስና ዓርብ ብዙው ሰው ሥራ ስለማይገባ፣ እሑድን ጨምሮ የአራት ቀን ዕረፍት ያገኘው የሜንዶሳ ቤተሰብ ለባሕሩም ለገበያውም ብሎ ወደ ቺሊዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ ቪኛ ዴል ማርና ወደ ሳንቲያጎ ይነዳል፤ ቺሊዎች ደግሞ የነጻነት በዓላቸው በሚውልበት በመስከረም 18 እና 19 (በፈረንጆቹ) ሰሞን፣ የምንዛሬው ዋጋ ሲመቻቸው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጎርፋሉ። በእንዲህ ያለው ቀን ሰልፉ ከዋሻው ወዲህ ላስ ኩዌቫስ እስከተባለችው የመጨረሻዋ የአርጀንቲና መንደር ድረስ ይዘልቃል፣ ጥበቃውም ሰዓታት ይወስዳል።

አንድ ማቆሚያ ከቀረ ሰልፉ ለምን አላጠረም? በእኔ እምነት መልሱ ቁጥጥሩ የቀነሰው ፈጣኑን ሥራ በመሆኑ ላይ ነው። መታወቂያ አይቶ መመዝገብ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጊዜ የሚበላው ዕቃውን መፈተሽ ነው። ወደ ቺሊ የሚገባ ሰው የያዘውን የእንስሳትና የዕፅዋት ውጤት በመሐላ ቅጽ ያስመዘግባል፣ ሻንጣው በራጅ መሣሪያ ያልፋል፣ የሠለጠነ ውሻም ወንበር ለወንበር እያሸተተ ይዞራል። ትኩስ ፍራፍሬ፣ ማርና የቤት አይብ የመሳሰለው አይገባም። ነገሩ ግትርነት አይደለም፤ ቼሪና ወይን በብዛት ወደ ውጭ የምትልከው ቺሊ ፍራፍሬ የሚያበላሸው የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ ከተራራው ወዲያ እንዲቀርላት ትፈልጋለች። ስለዚህ በሰልፉ ላይ ልጆች የተረፈውን ሙዝና ኮክ በጥድፊያ ሲጨርሱ ይታያሉ። የያዘውን በቅጹ ላይ የሞላ ሰው ዕቃው ቢወረስበት እንጂ አይቀጣም፤ ደብቆ የተገኘ ግን ይቀጣል።

ሁለተኛው የሰልፍ ምክንያት የወረቀት ጉድለት ነው። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም የሆነ መኪና የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአንድ ወላጁ ጋር ብቻ ሲጓዝ የሌላው ወላጅ ሕጋዊ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የውጭ ታርጋ ያለው መኪናም በሚገባበት አገር የሚሠራ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው መኪና መስኮቱን ይዞ ሲከራከር ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይቆማል። በክረምታቸው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ (በፈረንጆቹ) ባለው ጊዜ ደግሞ፣ በረዶ መንገዱን ጨርሶ ሊዘጋው ስለሚችል በአርጀንቲና የሐምሌ ዕረፍት የሚነዳ ሰው መተላለፊያው ክፍት መሆኑን ሳያጣራ አይነሣም።

የመርኮሱር አባል አገሮችና እንደ ቺሊ ያሉ የአብዛኞቹ ተባባሪ አገሮች ዜጎች በመታወቂያ ካርድ ብቻ ይሻገራሉ፤ ይህ መብት ለሌላው መንገደኛ አይደርስም። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለአጭር ጉብኝት በሁለቱም አገሮች ቪዛ አይጠየቅም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ግን የሁለቱንም ቪዛ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ከቺሊ ወደ አርጀንቲና ለመመለስ ካሰበም የአርጀንቲናው ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ከመነሣቱ በፊት ይመልከት።