ኮሞሺዮ ኮርዲስ ምንድን ነው?

ታኅሣሥ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2 ቀን 2023) ምሽት፣ በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ። ቡፋሎ ቢልስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ተከላካይ ዳማር ሃምሊን ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ተጋጣሚ ለመጣል ገባ፤ የተጋጣሚው ትከሻ ደረቱ ላይ አረፈ፤ ተያይዘው ወደቁ። ሃምሊን ብድግ አለ። አንድ ሁለት እርምጃ እንደ መራመድ ብሎ በጀርባው ተዘረረ። ዕድሜው 24 ነበር። ከወራት ምርመራ በኋላ ሐኪሞቹ የተስማሙበት ምክንያት ኮሞሺዮ ኮርዲስ ይባላል።

ቃሉ የላቲን ነው፤ የልብ መናወጥ እንደ ማለት። እኛ ስንደነግጥ «ልቤ ቀጥ አለ» እንላለን፤ እዚህ ላይ አባባሉ እውነት ይሆናል። የሚገርመው ግን ልቡ አለመጎዳቱ ነው። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች ልብ ሲመረመር ቁስልም፣ ስንጥቅም፣ የቆየ በሽታም አይገኝበትም። ታዲያ ምን ገደላቸው?

ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። የታችኞቹ ክፍሎች ተኮማትረው ደሙን ከረጩ በኋላ ለሚቀጥለው ትእዛዝ እስኪሰናዱ ጥቂት ጊዜ ይወስድባቸዋል። ይህ መሰናዶ የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው በኢሲጂ ወረቀት ላይ ትንሽ ኮረብታ ሆኖ ይታያል፤ ባለሙያዎቹ ቲ ሞገድ ይሉታል። ከኮረብታው ጫፍ በፊት ባለው ዳገት ላይ ወደ 20 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ የምትሆን ክፍተት አለች። በዚያች ቅጽበት ልክ ልቡ ባለበት በኩል ደረት ከተመታ፣ ከጡንቻው ከፊሉ ተሰናድቷል፣ ከፊሉ ገና ነው። ትእዛዙ ይደበላለቃል፤ ልብ በአንድነት መኮማተሩን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ደም መርጨቱንም ያቆማል። ክፍተቷ ካለፈች ያው ምት ደረትን አሳምሞ ብቻ ይቀራል።

በአሜሪካ ተመራማሪዎች በማደንዘዣ የተኙ የአሳማ ግልገሎችን ደረት በቤዝቦል ኳስ እየመቱ ፈትነው ነበር። በጣም አደገኛ ሆኖ የተገኘው ፍጥነት በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ኳሱ ከዚያ በላይ እየፈጠነ ሲሄድ መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ ልብን ማቁሰሉ ግን ጨመረ። 64 ኪሎ ሜትር ደግሞ ልጆች ሲጫወቱ የሚደርሱበት ፍጥነት ነው። ተጎጂዎቹም አብዛኞቹ ወንድ ልጆችና ወጣቶች ናቸው፤ የልጅ ደረት ገና ለጋ ስለሆነ ምቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይከፋል። የእኛ እግር ኳስ ሰፊና በአየር የተሞላ በመሆኑ ይሻላል፤ ፈጽሞ አያሰጋም ግን አይባልም።

ይህን ከልብ መቀጥቀጥ ጋር አለማምታታት ያስፈልጋል። በመኪና ግጭት መሪው ደረቱን የመታው ሾፌር በብዛት የሚያሰጋው መቀጥቀጡ ነው፤ ከደረት አጥንት ጀርባ ተጠግቶ የተቀመጠው የልብ ቀኝ ክፍል ይበልዛል፤ ሲብስም የልብ ግድግዳ ወይም ቫልቭ ይቀደዳል። «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ወደ ቤት መሄድ እዚህ ላይ አያዋጣም። ኢሲጂውና ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ሁለቱም ደህና ሲሆኑ ነው ሐኪሙ የሚረጋጋው።

ሃምሊንን ያተረፈው ሜዳው ላይ ወዲያው ደረቱን መጫን መጀመራቸውና ዲፊብሪሌተር በሚባለው መሣሪያ ልቡን የሚያስተካክል የኤሌክትሪክ ንዝረት መስጠታቸው ነው። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ተመልሶ ተጫውቷል። ንዝረቱ በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ደረት መጫኑ ግን ጊዜ ይገዛል።

እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው። ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይያዛል፤ ፊቱ ላይ ውኃ ይረጫል። የሚንቀጠቀጥ ልብ ይህን አይሰማም። አምቡላንስ እየተጠራ፣ ሁለት እጅ ተደራርቦ ደረቱ መሃል ላይ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪሰምጥ መጫን ነው፤ ለልጅ ኃይሉ እንደ ሰውነቱ ይቀነሳል።

ደግሞ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የወደቀው ሰው አንዳንድ ጊዜ ቆይቶ ቆይቶ አየር በአፉ ሳብ ያደርጋል። «ይተነፍሳል፣ ተዉት» የሚል ሰው ከመሃል አይጠፋም። ያ መተንፈስ ሳይሆን ማጣጣር ነው፤ እጅ ከደረቱ ላይ አይነሳም።