«ሰርተፋይድ» የውሻ አሰልጣኝ ማለት ምን ማለት ነው?

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ፀጉር ቆራጭ ሆኖ ለመሥራት ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ውሻ ለማሰልጠን ግን እንዲህ ዓይነት የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ካርድ ያሳተመ፣ ገመድ የያዘ ሁሉ «አሰልጣኝ ነኝ» ማለት ይችላል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ የተጎዳችው ውሻችን ናት።

ሚሚ ልጆቼ ስንት ወር ለምነው ያስገዙን ዮርኪ የሚባል ትንሽ ዝርያ ውሻ ናት፤ 3 ኪሎ ያህል ብትመዝን ነው። በር ሲንኳኳ ጩኸቷ አያድርስ ነው። መጀመሪያ የቀጠርነው ሰው ማስታወቂያው ላይ «ሰርተፋይድ» ይላል፤ ማን እንደመሰከረለት አልጠየቅሁም። ሳሎናችን ውስጥ ሚሚ ስትጮህበት ገመዱን ወደ ላይ ሳበው፤ የፊት እግሮቿ ከምንጣፉ ተነሱ። ማታውን ማሳል ጀመረች። ድምፁ እንደ ዝይ ጩኸት ነው፤ አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። ሐኪሟ የአንዳንድ ትንንሽ ዝርያዎች የመተንፈሻ ቱቦ እየላላ የመጥበብ ችግር እንዳለው፣ ዮርኪ፣ ፖሜራኒያንና ቺዋዋ በዚህ እንደሚታወቁ፣ አንገት ላይ የሚያርፍ ጉተታ ደግሞ እንደሚያባብሰው ነገረችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመዱ የሚታሰረው ደረቷን በሚይዝ ሃርነስ ላይ ነው።

ሰርተፋይድ ማለት በአጭሩ ከራሱ ሌላ የሚመሰክርለት ወገን ያለው ማለት ነው። ችግሩ በኢንተርኔት የጥቂት ቀን ኮርስ ወስዶም ወረቀት ማግኘት መቻሉ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ወረቀት አለህ ወይ?» ሳይሆን «ከማን ነው?» መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ በምህጻሩ ሲሲፒዲቲ የሚባለው፣ በ2001 የተቋቋመው የአሰልጣኞች መዛኝ ምክር ቤት ነው። ይህ ድርጅት አሰልጥኖ አያስመርቅም፤ ሥራው መፈተን ነው። ሲፒዲቲ-ኬኤ የሚለውን ማዕረግ የሚሰጠው ባለፉት 3 ዓመታት ቢያንስ 300 ሰዓት ውሻ ያሰለጠነና ፈተናውን ያለፈ ሰው ሲሆን ብቻ ነው፤ ማዕረጉም በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ስሙን ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጎ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ደቂቃ አይፈጅም። ካረን ፕራየር አካዳሚ ደግሞ ራሱ አስተምሮ፣ በተግባር ፈትኖ የሚያስመርቅ ተቋም ነው።

ግን ይህም ብቻውን አይበቃም። የሲፒዲቲ-ኬኤ ፈተና የሚለካው እውቀትን ነው፤ የሰውየውን እጅ አያይም። እጁን ማየት ያለብን እኛ ነን። ውሻዬን ይዤ ከመሄዴ በፊት አንድ ትምህርት ቁጭ ብዬ ልይ ብላችሁ ጠይቁ። የማይፈቅድ ከሆነ፣ ወይም «እኔ ጋ ትታችኋት ሂዱ፣ በ2 ሳምንት ጨርሼ እመልሳታለሁ» የሚል ከሆነ እኔ አልሰጠውም። ሁለት ነገር በግልጽ እንዲነግራችሁ አድርጉ፦ ውሻዋ ስታጠፋ ምን ያደርጋል? ልክ ስትሠራስ? «አለቃዋ ማን እንደሆነ አሳያታለሁ» የሚል መልስ ከሰማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ባወጣው የአቋም መግለጫ ለማንኛውም ውሻ፣ ኃይለኛ ለሚባለውም ጭምር፣ በሽልማት ማሰልጠንን ነው የሚመክረው።

ለትንሽ ውሻ ቅጣት የበለጠ ይከብዳል። በ2010 ታትሞ የወጣ የቪየና ጥናት ቅጣት መብዛቱ ከፍርሃትና ከጭንቀት ጋር ተያይዞ የታየው በተለይ በትንንሾቹ ላይ እንደሆነ ያሳያል። የትንሽ ውሻ ባለቤቶች ደግሞ አንድ ዓይነት ሕግ ይዞ መዝለቅ ላይ ደከም ይላሉ። እውነት ነው፤ ትልቅ ውሻ ቢያጉረመርም ሁላችንም እንደነግጣለን፣ ሚሚ ስታጉረመርም ግን ስቀን እናቅፋት ነበር። ፈርታ እንደሆነ ማንም ልብ አላለም።

ሁለተኛዋ አሰልጣኝ በመጣች ቀን መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ምንጣፉ ላይ ጎኗን ለሚሚ ሰጥታ መቀመጥ ነው። አላየቻትም፣ አልጠራቻትም። ሚሚ ጮኸች፣ ዞረቻት፣ በመጨረሻ ጫማዋን አሸተተች። ያኔ የተቀቀለ ዶሮ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ፣ ወለሉ ላይ ጣል አደረገችላት። ለ3 ኪሎ ውሻ ከዚያ የሚበልጥ ቁራጭ በቀን ሃምሳ ጊዜ ሲሰጥ ምሳ ማለት ነው አለችን። ከወጥ ላይ የወጣ ሥጋ እንዳንሰጣትም አጥብቃ አስጠነቀቀችን፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። አገር ቤት ፍርፋሪና ትራፊ እየሰጠን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

ደግሞም የማትችለውን ነገረችን። ድንገት መናከስ ከጀመረች መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፣ ያማት ይሆናል፤ ከዚያም ጠባይ ላይ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም እንጂ የእኔ ዓይነት አሰልጣኝ አይበቃም አለች። ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው ሰው ይልቅ ያመንኳት በዚህ ነው።

ቀጥላ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ «እዚህ ቤት ስትጠሯት ምን ትላላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ልጆቼ «ካም» ይላሉ፤ እናቴ «ነይ»፤ እኔ አንዳንዴ «ነይ»፣ አንዳንዴ «ነይ እስቲ እዚህ»። ለውሻ ቋንቋው ምንም አይደለም፣ ግን ድምፁ አንድ መሆን አለበት፤ አንዱን ምረጡ አለችን። ልጆቼ የአያታቸውን ቃል መረጡ። አሰልጣኟም «ነይ» የሚለውን በራሷ ፊደል ጽፋ፣ እናቴ እያረመቻት፣ አንደበቷ እስኪለምደው ደጋግማ ተለማመደችው።