የማለዳ ጉባኤ በክርስቲያን የቤት ትምህርት፦ ለመላው ቤተሰብ የሚሆነውን መምረጥ

ልጆቻቸውን በቤት በሚያስተምሩ የአሜሪካ ክርስቲያን ቤተሰቦች ዘንድ «ሞርኒንግ ታይም» የሚባል ልማድ አለ። ትምህርቱ በየልጁ ደረጃ ከመለያየቱ በፊት ታላቁም ታናሹም ከእናት ወይም ከአባት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰብበት፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት የሚወስድ ጊዜ ነው። ይጸለያል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል፣ ይዘመራል፣ ጥቅስና ግጥም በቃል ይጠናል፣ አንድ ታሪክ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አንዳንድ ቀን ሥዕል ይታያል ወይም ሙዚቃ ይደመጣል። መጻሕፍቱ በአንድ ዕቃ ተሰብስበው ስለሚቀመጡ «የማለዳ ቅርጫት» የሚሉትም ብዙዎች ናቸው። ሒሳብና የጽሕፈት ልምምድ እዚህ አይገቡም፤ እነሱ የእያንዳንዱን ልጅ ዕድሜና ችሎታ ይከተላሉ።

የልማዱ ሥር ድርብ ነው። አንደኛው የቤተሰብ ጸሎት ነው። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን በ1647 የቤተሰብ አምልኮ መመሪያ አውጥታ የቤቱ አባወራ ቤተሰቡን ሰብስቦ እንዲያነብና እንዲጸልይ አዝዛ ነበር (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው ከእንግሊዛዊቷ መምህርት ከሻርሎት ሜሰን የመጣ ነው። ሜሰን ከ1842 እስከ 1923 የኖረች ስትሆን፣ በ1892 አምብልሳይድ በምትባል ከተማ ለአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ከፍታለች። አጫጭር ትምህርት፣ በሕያው ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት፣ የሰሙትን በራስ አንደበት መልሶ መናገር፣ የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ ማየት፣ መዝሙር፣ ተፈጥሮን መመልከት፤ እነዚህን ሁሉ አጥብቃ ታስተምር ነበር። ስድስቱ የትምህርት ጥራዞቿ በ1989 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ከታተሙ በኋላ ብዙ እናቶች አነበቧቸው። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው የማለዳ ጉባኤም አብዛኛው ይዘቱ ከዚያ የተቀዳ ነው።

የቤት ትምህርት ከ1993 ጀምሮ በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ደንቡ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቴክሳስ ወላጅ ለመንግሥት እንዲያሳውቅ እንኳ አያስገድድም። ኒው ዮርክ የዓመት ዕቅድና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጠይቃል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ ደግሞ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ ጋር ሥነ ጥበብና ሙዚቃም እንዲሰጡ ታዝዛለች፤ ወላጁ የልጁን ሥራ በማኅደር ይዞ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያሳያል፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ ተቆጣጣሪ ድርጅት ይመዘገባል። ስለዚህ የታየው ሥዕል ስምና የተጠናው መዝሙር ከነቀኑ በደብተር ቢጻፍ፣ ማለዳው ራሱ ለሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች ማስረጃ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ በጉጉት አብዝቶ ይጀምርና ዘሌዋውያን ላይ ይቆማል። መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፍ ስላለው በወሩ ቀን ቁጥር አንድ አንድ ምዕራፍ ይነበባል፤ ማንም ቢያቋርጥ ነገ ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል። 150ው መዝሙረ ዳዊት በቀን አምስት ቢነበብ በወር ያልቃል፤ ለትንንሾች ግን አንድ ይበቃል። ወንጌልን ለመጀመር ማርቆስ 16 ምዕራፍ ብቻ በመሆኑና ድርጊቱ ስለሚፈጥን ለመስማት ይመቻል። ለልጆች ተብለው የተዘጋጁ በሥዕል ያጌጡ የታሪክ መጻሕፍት ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ይጠቅማሉ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ቅዱሱን ቃል እንዳለ ሊሰማ ይችላል፤ ሊሰማም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ከባድ ቃል ሲመጣ ወላጁ ባጭሩ ይፈታል፣ ንባቡም ይቀጥላል።

በቃል ለሚጠናው ግን አንድ ትርጉም መርጦ በእሱ መጽናት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስና አዲሱ መደበኛ ትርጉም አንዱን ጥቅስ በተለያየ ቃል ያስቀምጡታል፤ ልጁ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ቢሰማ አንዱም አይጸናለትም። ለማቆየት የሚረዳውና በብዙ ቤት የተለመደው ዘዴ የካርድ ሣጥን ነው። ሣጥኑ 41 መለያዎች አሉት፦ «በየቀኑ» የሚል አንድ፣ ቁጥሩ ጎዶሎና ሙሉ ለሆነ ቀን ሁለት፣ ለሳምንቱ ቀናት ሰባት፣ ለወሩ ቀናት 31። አዲስ ጥቅስ «በየቀኑ» ውስጥ ይገባል። ሲጸና ወደ ጎዶሎ ወይም ወደ ሙሉ፣ ከዚያ ወደ አንዱ የሳምንት ቀን፣ በመጨረሻም ወደ አንዱ የወር ቀን ይዛወራል። በዚህ ዓይነት በማንኛውም ማለዳ የሚከፈቱት አራት መለያዎች ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ከዓመታት በፊት የተያዘ ጥቅስ በወር አንድ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ዋጋው የአንድ ሣጥንና የጥቂት ካርዶች ነው፤ በብዙ ገንዘብ ከሚሸጡት የጥናት ጥቅሎች ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

የሃይማኖት ትምህርት እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ይለያያል። የካልቪን ተሐድሶ (ሪፎርምድ) ወግ ያላቸው ፕሮቴስታንቶች በ1563 የተጻፈውን የሃይደልበርግ ትምህርተ ክርስቶስ ይይዛሉ፤ 129 ጥያቄዎቹ ለ52 እሑዶች ስለተከፋፈሉ ዓመቱን ሙሉ ያስኬዳል። የዚሁ ወግ የሆነው የዌስትሚንስተር አጭር ትምህርተ ክርስቶስ 107 ጥያቄዎች አሉት፤ መልሶቹ አጭር በመሆናቸው ለሕፃን አፍ ይቀላሉ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ግን ከውጭ የሚገዛው ጥቂት ነው። ጸሎተ ነግህ አለ፤ ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ ተከፋፍሎ ተዘጋጅቷል፤ ዳዊቱም እንዲሁ በየዕለቱ ይደገማል፤ የዕለቱ ቅዱስ ታሪክ በስንክሳር ይገኛል፤ ለጥያቄና መልስ ደግሞ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር አሉ። የአብነት ተማሪ ለዘመናት ያደረገው ይኸው ነበር፤ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ መደጋገም፣ በቃል መያዝ። ጴንጤ ቤተሰብም ቢሆን በአማርኛ የመዝሙር ሀብቱ ድሃ አይደለም። በወር አንድ መዝሙር ከነሙሉ ስንኙ ቢጠና በዓመት አሥራ ሁለት ይሆናል።

ጮክ ተብሎ የሚነበበውን መጽሐፍ መምረጥ ከሁሉ ይከብዳል፤ ጊዜ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ለአንባቢው አንደበት የሚመች መሆን አለበት። ሁለት ገጽ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ከማንኛውም የአስተያየት ጽሑፍ የበለጠ ይነግራል። የሚደናቀፍ፣ ልጁን ለመምከር ብቻ የተጻፈ የሚመስል፣ ሰዎቹ ሥጋና ደም የሌላቸው መጽሐፍ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅር። ከሃይማኖት ማተሚያ ቤት መውጣቱም ብቻውን አይበቃም፤ ክርስቲያናዊ ነው ተብሎ የተሸጠ ደካማ ታሪክ ልጁን ስለ ጽድቅ ማሰልቸት ይችላል። ከዚያ ይልቅ ስለ ድፍረት፣ ስለ ምሕረትና ስለ ክህደት በእውነት የሚናገር የቆየ ልቦለድ ወይም የሰማዕታትና የሚስዮናውያን የሕይወት ታሪክ ይሻላል። ደረጃው ወደ ትልልቆቹ ልጆች ያድላ። ትንሹ ግማሹን ባይረዳም ድምፁን ይሰማል፣ እጁም ጭቃ ወይም ቀለም ቢይዝ ጆሮው አይዘጋም። ሃያ ደቂቃ ተነቦ ሲቆም አንዱ ልጅ የሰማውን ይተርካል፤ ያኔ መጽሐፉ መግባቱና አለመግባቱ ይታወቃል። የቅጂ መብታቸው ያለፈ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይገኛሉ፤ ሊብሪቮክስ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች የተነበቡትን ያሰማል፤ እናት በታመመችበት ቀን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለሥዕል የሜሰን ልማድ የአንድ ሠዓሊ ስድስት ሥዕሎችን በአንድ የትምህርት ወቅት (ተርም) ማየት ነው። ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየምም፣ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታንም ሺዎች ምስሎችን በነጻ ይለቃሉ። በባልቲሞር የሚገኘው የዎልተርስ ሙዚየም መግቢያ ሳያስከፍል የኢትዮጵያ መስቀሎችን፣ የብራና መጻሕፍትንና ሥዕሎችን ያሳያል፤ በአካባቢው ለሚኖር ሐበሻ ቤተሰብ ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከሬምብራንት ቀድሞ እዚያ መሄድ ይገባዋል ባይ ነኝ። በሙዚቃም ከጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከባኽ ጎን የቅዱስ ያሬድን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በጆሮ መለየት ይቻላል።

ቋንቋ በውጭ አገር ላለ ቤተሰብ ዋናው ጥያቄ ነው። የሒሳቡም የሳይንሱም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ እርስ በርስ የሚጫወቱትም በዚያው ነው። ስለዚህ የማለዳው አንድ ክፍል፣ ጸሎቱ ወይም መዝሙሩ፣ ሳይተረጎም በአማርኛ ይሁን። አያት በቤት ካሉ ተረት እንዲያወሩ ይለመኑ። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብሎ መመለስ የማያውቅ ልጅ በአንድ ሳምንት ይማረዋል። በጀርመን ያሉት ግን ቀኑን ሙሉ በቤት ማስተማር አይፈቀድላቸውም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2006 የዚያን አገር የትምህርት ቤት ግዴታ ተቃውመው የቀረቡ ወላጆችን አቤቱታ አልተቀበለም። እነሱ ይህን ጉባኤ ከትምህርት ቤት በፊት በሩብ ሰዓት፣ ወይም ቅዳሜ ጠዋት በሰፊው ያደርጉታል።

የተመረጠው ሁሉ በየቀኑ አይደረግም። ጸሎት፣ ንባበ መጽሐፍ ቅዱስና የቃል ጥናት ቋሚ ሲሆኑ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ግጥምና ተፈጥሮ ተራ ይይዛሉ። ዛሬ ያልደረሰው ነገ ከዚያው ይቀጥላል፤ በቀን ስላልታሰረ ሕመምና እንግዳ አያፈርሰውም። የሜሰን ትምህርት ቤቶች አንድ የትምህርት ወቅት 12 ሳምንት ነበር፤ ይህ ልክ ለቅርጫቱም ይመቻል። ወቅቱ ሲያልቅ ማንም ያልነካው መጽሐፍ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል፣ ልጆቹ ድገሙልን ያሉት ይቆያል፣ በምትኩ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አዲስ አይገባም።